ቢልዱ መቼ ይውደቅ? በስካን ማለፊያ ደንብ ላይ ጥያቄና መልስ

ከጎሮ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ ነው። ርዕሳችን አንድ ነው፦ ስካነር (የደህንነት ክፍተት የሚፈልግ ፕሮግራም) ክፍተት ሲያገኝ ቢልዱን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየሩን ሂደት) የሚጥለው ደንብ። ጠያቂዎችን በሰፈራቸው ስም ነው የምጠራው። ስትጠይቁ የስካነሩን ስምና የወጣበትን ኤግዚት ኮድ (ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር) ጻፉ። «እምቢ አለኝ» ብቻ ለሚል መልስ የለኝም።

ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ትሪቪ የሚባለው ስካነር ክሪቲካል (እጅግ አደገኛ) ክፍተት እያሳየ ቢልዱ አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። ለምን?

መልስ፦ ካላዘዝከው ምንም ቢያገኝ በ0፣ ማለትም «ደህና ነው» ብሎ፣ ነው የሚወጣው። ኤግዚት ኮዱን ራስህ ስጠው፤ 1 ግን አትስጠው፣ 10 በለው። የታወቁ ክፍተቶችን የያዘውን ዳታቤዝ ማውረድ ሲያቅተውም በ1 ስለሚወጣ «ክፍተት ተገኘ» እና «ስካኑ አልተካሄደም» ይምታቱብሃል።

ኮዬ ፈጬ፦ የሲቪኤስኤስ ነጥቡ (ከ10 የሚሰጠው የአደገኝነት ነጥብ) ከ7.0 በላይ የሆነውን ሁሉ መጣል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልበል። ሲቪኤስኤስ የሚነግርህ ክፍተቱ ቢጠቃ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ እንጂ እየተጠቃ መሆኑን አይደለም። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ክፍተት ሲወጣ በያኔው ስሌት ያገኘው 5.0 ነበር። በአንተ ደንብ ሰተት ብሎ ያልፋል።

በተቃራኒው ዴቢያን 12 (የሊነክስ ዓይነት ነው) ላይ የተሠራ የኮንቴይነር ኢሜጅ ስካን አድርግ። ሲቪኢ-2023-45853 (ሲቪኢ የክፍተት መለያ ቁጥር ነው) ዚሊብ በሚባለው የዳታ ማመቂያ ላይብረሪ ስም ክሪቲካል ሆኖ ይመጣል፣ 9.8። ክፍተቱ ያለው ሚኒዚፕ የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ዴቢያን ደግሞ ከዚሊብ ፓኬጁ ጋር እሱን ቢልድ አያደርገውም። ፓች (ማስተካከያ) ብትጠብቅ አይመጣም። እንዲህ ያለው ቢልዱን በየቀኑ ሲጥል ሰው ስካኑን ራሱን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ሲሳ (የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም) በሚያወጣው የኬቭ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ማለትም በተግባር የተጠቃ ከሆነ፣ ነጥቡ ምንም ይሁን ይውደቅ። ክሪቲካል ሆኖ ፓች ካለው ይውደቅ። ሃይ (ከክሪቲካል ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ሆኖ ፓች ካለውና ኢፒኤስኤስ የሚባለው ትንበያ በ30 ቀን ውስጥ የመጠቃት እድሉን ከ0.1 በላይ ካደረገው ይውደቅ። ሌላው ቲኬት ተከፍቶለት ይለፍ። 0.1 የኔ ምርጫ ነው፤ ሲስተማችሁ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ዝቅ አድርጉት።

ገላን፦ ዴቢያንን ትቶ አልፓይን የሚባለውን ትንሽ ሊነክስ መጠቀም ነዋ! ስካኑ ባዶ ነው የሚወጣው።

አያት፦ ባዶ የሚወጣው ንጹህ ስለሆነ እኮ አይደለም ወንድሜ። የአልፓይን የደህንነት ዳታ የሚመዘግበው ፓች የተደረገለትን ብቻ ነው። ያልተደፈነው አይታይህም።

ገላን፦ መጠኑስ? ኢሜጁ ስንት እጥፍ ነው የሚያንሰው!

አያት፦ ለመስል (አልፓይን ለሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ) ተዘጋጅቶ ያልመጣ የፓይተን ላይብረሪ ከሶርስ ቢልድ ስታደርግ ዋጋውን ታገኘዋለህ።

መልስ፦ አያት ልክ ነው። የመጠኑን ክርክር ሌላ ቀን።

ሰበታ፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዳታቤዙ አይወርድም፣ ቢልዱ ይወድቃል። እናልፈው?

መልስ፦ አታሳልፉት። ያልተካሄደ ስካን ያለፈ ስካን አይደለም። ዳታቤዙን ከቢልዱ ለዩት፦ ሌሊት ኔትወርክ ሲሻል አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ካሽ አድርጉ፤ ቢልዱ ውስጥ አፕዴቱን ዝለሉ። ከ24 ሰዓት ካለፈው ማስጠንቀቂያ ይስጥ፣ ከ72 ካለፈው ቢልዱ ይውደቅ። ግራይፕ የሚባለው ሌላ ስካነር ቅንብሩን ሳትነኩት እንኳ ከ5 ቀን በላይ ባረጀ ዳታቤዝ አልሠራም ይላል።

ቱሉ ዲምቱ፦ የትኛውን ሰርተፊኬት ብይዝ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከርዕሱ ውጭ ነው።

ሰሚት፦ የካርድ ክፍያ ላይ ነው የምንሠራው። ኦዲተሩ ነጥቡ ከ4.0 ጀምሮ ያለው ሁሉ ይወድቃል ይላል።

መልስ፦ እሱ የፒሲአይ (የካርድ ክፍያ ደህንነት ደንብ) የውጭ ስካን ነው፣ በየ3 ወሩ የሚደረገው። ቢልድ ላይ አታምጪው እህቴ፤ ሁለት ደንብ፣ ሁለት ቦታ።

ለገጣፎ 2፦ ትሪቪ ያገኛል ግን ያልፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ። አንብብ።

ኮዬ ፈጬ፦ ደንቡን ገና ሳላስገባ ያንን የዚሊቡን እንዴት ላሳልፈው?

መልስ፦ በኢግኖር ፋይል (ስካነሩ የሚተዋቸውን ክፍተቶች በሚዘረዝር)፣ ግን ቀን የሌለው ኢግኖር አትጻፉ። አንድ መስመር ላይ የሲቪኢው ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚያበቃበት ቀን፤ ከላዩ ምክንያቱና የፈቀደው ሰው። ቀኑ በፈረንጆች ይሁን። በኛ አቆጣጠር 2018 ብላችሁ ከጻፋችሁ ትሪቪ ቀኑ ድሮ አልፏል ብሎ መስመሩን ይተወዋል፣ ቢልዱም ይወድቃል። ጣጣው ሲመጣ ሰው ሁሉ ስካነሩን ነው የሚረግመው። ደግሜ እላለሁ፦ ቀን የሌለው ኢግኖር አትጻፉ።

ኮዬ ፈጬ፦ ቀኑ ደርሶ ፓች ካልመጣስ?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ይራዘም፣ የሚያራዝመው ግን መጀመሪያ የፈቀደው ሰው አይሁን። ሁለተኛ ከደረሰ ዴቢያን ቢልድ የማያደርገው ክፍል መሆኑን አረጋግጡና «አይነካንም» ብላችሁ በቬክስ (ክፍተቱ ይነካን አይነካን የሚል ሰነድ) መዝግቡት፤ የሚነካችሁ ከሆነ ላይብረሪውን አውጡት።