የአደጋ መዝገቡ ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ቦታ መጥቶ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ያ ሁሉ ወረቀት ከክስና ከኢንሹራንስ ሌላ ለከተማው ምን ይረባዋል?

መልስ፦ በደንብ ከተሞላ ብዙ ይረባዋል። ዋናው ቦታው ነው። «አደባባዩ አካባቢ» የሚል ጽሑፍ ለመሐንዲስ ምንም አይነግረውም፤ ነጥቡ በጂፒኤስ ከተያዘ ግን የጥቂት ዓመታት አደጋ ካርታ ላይ ሲሰፍር የትኛው መስቀለኛ መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን እንደሚጎዳ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ መብራት መጨመር፣ ፍጥነት መቀነሻ መሥራት ነው።

የፖሊስ መዝገብ ብቻውን ግን ጎዶሎ ነው። ሐኪም ቤት ገብቶ ከሳምንት በኋላ የሞተ ሰው በፖሊሱ መዝገብ «ቆስሏል» እንደተባለ ሊቀር ይችላል፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ግን በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሁሉ በትራፊክ ሞት ይቆጠራል። ስለዚህ የፖሊስና የሐኪም ቤት መዝገቦች ይመሳከሩ። «የአሽከርካሪ ጥፋት» ብሎ የሚዘጋ ቅጽ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱን ለማስተካከል ምንም አይፈይድም።