በዝናብ ውሃ ዓሣ የገደለ ሰው መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ውሃ ለአምስት ቀን ስለጠፋ ከጣሪያ ያጠራቀምሽውን የዝናብ ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ ጨመርሽ። በማግስቱ አንዱ ጎልድፊሽ ሞተ፣ ሦስቱ ፈዘው ከላይ ከላይ ይላሉ። አንድ የቡድናችን አባል «ጨው አድርጊበት» አለሽ። አንቺ ደግሞ «የባሕር ዓሣ አይደሉም፣ ጨው አይገድላቸውም ወይ?» ትያለሽ።

በልኩ ከሆነ አይገድላቸውም። ግን መጀመሪያ የሚደረገው እሱ አይደለም። እኔም ልክ እንዳንቺ አድርጌ ስለማውቅ ትንሽ ላርዝመው።

ሠራተኛ ሰፈር እያለን ነው። ክረምት ነበር። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው፣ እሷም በሌሊት። ከቆርቆሮው ጠርዝ በርሜል ውስጥ የሚንቆረቆረውን ኩልል ያለ ውሃ አየሁና «ከሰማይ የመጣ፣ ከዚህ የበለጠ ንጹህ ከየት ይመጣል?» ብዬ ሞላሁላቸው። ስድስት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቀሩ። እናቴ «የሰው ዓይን ነው» አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ያደንቃቸው ነበራ። የሚያናድደው፣ ያኔ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ስለ ዓሣ ስንጥብ (የሚተነፍስበት አካል) ተፈትኜ ጥሩ ማርክ ያመጣሁትም በዚያው ሴሚስተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎልድፊሽ ደም ጨዋማ ነው። ሐኪም ቤት ከሚሰቀለው ሳላይን ብዙም አይርቅም፤ እሱ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው አለው። በዙሪያው ያለው ውሃ ግን ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀን ከሌት ውሃ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ ጨው ደግሞ ይወጣል። ዋናው በር ስንጥቡ ነው። የገባውን ውሃ ኩላሊቱ በቀጭን ሽንት ያስወጣዋል (አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሸናው)። የወጣውን ጨው የሚተኩት ደግሞ ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሴሎች ናቸው። ሶዲየም፣ ክሎራይድና ካልሲየም ከውሃው እየለቀሙ ወደ ደም ያስገባሉ። ሥራው እረፍት የለውም፣ ጉልበትም ይበላል።

ብረታ ብረት የሚመታው እዚህ ጋ ነው። መዳብና ብር ሶዲየሙን የሚያስገባውን የሴሎቹን ፓምፕ ያዳክማሉ። ዚንክና ካድሚየም በካልሲየሙ በር ይጋፋሉ፤ እነሱ ሲገቡ ካልሲየሙ ውጭ ይቀራል። ዚንኩ ሲበዛ ስንጥቡ ራሱ ይጎዳል፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ከላይ ከላይ የሚሉት ለዚህ ሊሆን ይችላል። እንደ መዳብ ያሉት ሲበዙ ደግሞ ከደሙ ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሶው ገደማ ያልቃል። ያኔ ውሃው ከደም ሥር ወደ ሥጋው ይሸሻል፣ ደሙ ይወፍራል፣ ልብ መግፋት ያቅተዋል። ሰው «ተመረዘ» ይላል። እኔ ግን ጨው አልቆበት ሞተ ብል ይቀለኛል።

ታዲያ የዝናብ ውሃ ምን አጠፋ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የጣሪያችን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው። ንጹህ ዝናብ እንኳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ነው። እየጠረገ ሲወርድ ዚንኩን ያሟሟል፣ በተለይ የመጀመሪያው ዝናብ። በርሜሉም የቆርቆሮ ከሆነ አለቀ። ሁለተኛው ይብሳል። ዝናብ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በውሃው ውስጥ ያለ ካልሲየም የስንጥቡን ቀዳዳ አጥብቆ ይይዛል፣ ብረቱንም ከበሩ ላይ ይገፋል። ያው መጠን ያለው ዚንክ በካልሲየማም ውሃ ዓሣውን ላይነካው ይችላል፣ በለስላሳ (ካልሲየም ባነሰው) ውሃ ግን ይገድለዋል። ቅጠል የበሰበሰበት ቡናማ ውሃ እንኳ ብረቱን አስሮ ስለሚይዝ ከኩልሉ ሊሻል ይችላል። ይሄን ስላችሁ ግን ከጊንፍሌ ወንዝ የሚቀዳ እንዳይኖር፣ አደራ!

የኛም ቧንቧ አንድ ዓይነት አይደለም። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ ይልቅ ካልሲየም ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ለዓሦችሽ ጥሩ ምልክት ነው። ለዓሦቹ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ መድኃኒት ስትገዢም መዳብ እንዳለው ጠይቂ። ውሃችሁ አንድ ስላልሆነ ሌላው ሰው ቤት የሠራው መጠን አንቺ ቤት ሊገድል ይችላል። ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ባዶ መስታወት ነው የቀረው።

አሁን የምታደርጊው፦ ዛሬ ሲሶውን ውሃ ቅጂና ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ክሎሪኑ የወጣለት የቧንቧ ውሃ ተኪበት። በፕላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ ይሁን። ነገም ድገሚው። ምግብ ቀንሺ፣ የአየር ፓምፑን አታጥፊ። ከዚያ ጨው፣ በ1 ሊትር 1 ግራም። ለ5 ሊትር አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በብርጭቆ አሟሚውና በሦስት ጊዜ ከፍለሽ ጨምሪ። ጨው ዚንኩን አያወጣውም፣ የጎደለውን ካልሲየምም አይተካም። ውጭና ውስጥ ያለውን ልዩነት ስለሚያጠብ ግን ከዓሣው የሚፈስሰው ጨው ይቀንሳል፣ ስንጥቡ እስኪጠገን ፋታ ያገኛል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካለፉ ተስፋ አለ። የተረፈ ዓሣ ስንጥቡን እየጠገነ ጨዉን ቀስ በቀስ ይመልሳል፣ ሳምንታት ቢፈጅም። የኔ ሁለቱ ምግብ በደንብ የጀመሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንደኛው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሯል።

ጣሪያሽ አዲስ ቆርቆሮ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ? በርሜሉስ? እሱን ንገሪኝና ቀሪውን እንነጋገር።