የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ሺህ የእንጨት ሜዳሊያ በሌዘር

ጥያቄ፦ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር አዳማ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። ባለ 80 ዋት የሲኦቱ ሌዘር ማሽን (ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በሚወጣ የብርሃን ጨረር የሚቆርጥና የሚቀርጽ) ገዝተን እስካሁን የቁልፍ መያዣና የበር ላይ የስም ሰሌዳ ስንሠራ ቆይተናል። በቅርቡ አንድ ትምህርት ቤት ለስፖርት በዓሉ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 1000 ክብ ሜዳሊያዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ እንድናስረክብ ጠየቀን። የማሽናችን ጠረጴዛ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሙከራ ጥቂት ስንሠራ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደብን። ሁለተኛ ማሽን በብድር እንግዛ ወይስ ትእዛዙን እንተወው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። በመጀመሪያ ሁለቱ ደቂቃዎች በምን እንዳለቁ ሰዓት ይዘው ይመልከቱ። የክቡ ዙሪያ 220 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሪባን ማስገቢያው ቀዳዳ ሲጨመር ጨረሩ ለመቁረጥ የሚጓዘው 280 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች በኮላ ተጣብቀው የሚሠራ ሰሌዳ) በሰከንድ 15 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ቢቆርጡ መቁረጡ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ጊዜውን የሚበላው ሥዕሉን መቅረጹ ነው። ሥዕሉ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጨረሩ በ0.1 ሚሊ ሜትር ልዩነት መስመር በመስመር ከሄደ 400 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በሰከንድ 300 ሚሊ ሜትር ቢሮጥ እንኳ ጉዞው ብቻ 67 ሰከንድ ይወስዳል፣ በየጫፉ ለመቆምና ለመዞር የሚያጠፋው ሲታከልበት ደግሞ ወደ 100 ሰከንድ ይጠጋል። በዚህ አካሄድ አንድ ሺሁ 33 ሰዓት የማሽን ሥራ ይጠይቃል።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት ንድፉ ነው። ሙሉ ገጹን እየጠረገ የሚያቃጥለውን ሥዕል ትተው የትምህርት ቤቱን ዓርማ በቀጭን መስመር ብቻ እንዲጫር አድርገው ይሣሉት። መስመሮቹ ተደምረው አንድ ሜትር ቢሆኑና በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ቢጫሩ አሥር ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ጠቅላላው ሥራ ወደ ስምንት ሰዓት ከግማሽ ይወርዳል። ጥቁረት የግድ ያስፈልጋል ከተባለ ለዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ብቻ ይተዉት። ለነገሩ 33 ሰዓትም በሦስት ሳምንት ውስጥ የማይቻል አይደለም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ስምንት ሰዓት ይዞ መጀመር ሌላ እፎይታ ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚያዋጣው አደራደሩ ነው። ክቦቹን በቀጥታ ረድፍና ዓምድ ቢደረድሯቸው፣ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ትተው በአንድ 60 በ40 ቁራጭ ላይ 40 ይወጣሉ። እንደ ማር እንጀራ አንዱን ረድፍ በሌላው ክፍተት ውስጥ እያስገቡ 8፣ 7፣ 8፣ 7 ብለው ስድስት ረድፍ ቢያደርጓቸው ግን 45 ይወጣሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 12 ቁራጭ ስለሚገኝ፣ በመጀመሪያው መንገድ 25 ቁራጭ ፈልገው ለአንዲት ቁራጭ ሲሉ ሦስተኛ ኮምፔንሳቶ ይገዛሉ፣ በሁለተኛው ግን ከሁለት ኮምፔንሳቶ 1080 ሜዳሊያ ያገኛሉ። ትርፎቹ 80ዎቹ ለብልሽት መጠባበቂያ ናቸው፤ ብልሽት ደግሞ አይቀርም።

የብልሽቱ ዋና ምክንያት ራሱ ኮምፔንሳቶው ነው። በውስጠኛው ንብርብር ውስጥ ኮላ የተጠራቀመበት ወይም ጉጥ የተሸሸገበት ቦታ ሲያጋጥም ጨረሩ አልፎ አይቆርጥም። ስለዚህ ሲገዙ ሁለቱም ኮምፔንሳቶዎች ከአንድ ጭነት የመጡ መሆናቸውን ይጠይቁ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ቆርጠው ይሞክሩ፣ የተንጋደደውንም ጠረጴዛው ላይ ሳያጣብቁ አይጀምሩ፤ መሐሉ ወደ ላይ ከተነሣ የጨረሩ ትኩረት ይዛባልና። በክረምት እርጥበት ስለሚያጣምመው በጠፍጣፋ ቦታ ክብደት ጭነው ያስቀምጡት። ኤምዲኤፍ (የእንጨት ብናኝ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ወጥ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ነገር ግን ማጣበቂያው ሲቃጠል ፎርማልዴሃይድ ያለበት ጢስ ስለሚያወጣ የጢስ መሳቢያችሁ ጥሩ ካልሆነ አልመክርም። ፒቪሲን (ክሎሪን ያለበትን ፕላስቲክ) ግን ለሙከራም ቢሆን ወደ ማሽኑ አያስገቡ፤ የሚያወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባንም ማሽንንም ይበላል።

ጢሱ ፊቱን እንዳያበላሸው ቁራጩን ከመቁረጥ በፊት በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት። ጠርዙ ላይ የሚቀረው ጥላሸት ግን በፕላስተር አይከለከልም። ልጆቹ ሜዳሊያውን የሚያጠልቁት በነጭ ካናቴራ ላይ ከሆነ ጥቁር ክብ ታትሞበት ወላጅ ሊቆጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲደርቅ ቀጭን ቫርኒሽ ይቀቡት።

ብዙ ሰው ዋጋ ሲያወጣ የሚረሳው የእጅ ሥራውን ነው። ፕላስተሩን ለመላጥ፣ ጠርዙን ለመጥረግና ሪባኑን ቆርጦ ጫፉን በእሳት አስይዞ ለማሰር ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ፣ አንድ ሺሁ 25 ሰዓት ነው። ከማሽኑ ሰዓት ሦስት እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሪባኑም ለአንዱ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 900 ሜትር ይሆናል፤ በጥቅል ካልገዙት ትርፋችሁን እሱ ይወስደዋል። ፕሮፎርማ ስትሰጡ ይህን ሁሉ አስገቡ፣ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድም ተቀበሉ።

ስለ መብራቱ፦ 45ቱን በአንድ ፋይል አትላኩ፤ በየረድፉ ከፋፍሏቸው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቁራጩ የሚደገፍበት የማዕዘን መቆሚያ ካበጃችሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚባክነው ቢበዛ አንድ ረድፍ ነው። ማሽኑ እየሠራ ቡና ለመጠጣት አትውጡ፤ እንጨት ነውና በደቂቃ ውስጥ ይያያዛል፣ የእሳት ማጥፊያውም ከእጅ አይራቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ናሙና ጨርሳችሁ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ አስፈርሙ። የአማርኛ ፊደል እዚህ ላይ ጉዳይ አለው፤ «ኃይለ» የሚጽፉትን «ሀይለ» ብላችሁ አንድ ሺህ ጊዜ ከጫራችሁ በኋላ ማስተካከያ የለም። ጽሑፉን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ከማዛወራችሁ በፊት ወደ መስመር ለውጡት (ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ሥዕል እንዲሆን)፣ አለዚያ ፊደሉ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ፊደል አሳልፎ መቁረጥም አያዋጣም፤ የ«መ» እና የ«ወ» ሆድ ወድቆ ክፍት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በኮምፔንሳቶ ፈንታ የዋንዛ ጣውላ ብጠቀም ይሻላል? ለሃምሳ ሰው ብቻ የሚሆን ሽልማት ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለሃምሳ ሰው ያምራል፤ ለአንድ ሺህ አልመክርም ነበር፣ ምክንያቱም የጣውላው ቀለምና ጥንካሬ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የማሽኑን ኃይል ደጋግሞ ማስተካከል ይጠይቃል። በደንብ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጡና ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያስልጡት። ዋናው ጥንቃቄ የእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ነው። የሪባኑ ቀዳዳ አግድም ከሆነ የእንጨቱም መስመር አግድም ይሁን፤ ቁልቁል ከሆነ ከቀዳዳው በላይ ያለችው ቀጭን ድልድይ ሪባኑ ሲሳብ በቀላሉ ትሰበራለች። ድልድዪቱንም ከ5 ሚሊ ሜትር አያሳንሷት።