ላቦራቶሪ በሌለበት ዲፓርትመንት ስፔክትሮስኮፒ ይሠራል ወይ?

«የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ሞለኪውላር ስፔክትሮስኮፒን በጣም ወድጄዋለሁ፤ በተለይ ቲዎሪውን። ግን ዲፓርትመንታችን ደህና ሌዘር እንኳ የለውም። አባቴ ደግሞ ‹ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ስፔክትሮስኮፒ ማለት ሞለኪውሎች የሚውጡትንና የሚለቁትን ብርሃን እያዩ ማጥናት ነው። መጀመሪያ የሌዘሩን ጭንቀት ላቅልልሽ።

ጆናታን ቴኒሰን የሚባሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መርጧቸዋል። ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የሞለኪውሎችን ስፔክትረም፣ ማለትም የሚውጡትንና የሚለቁትን ብርሃን ዝርዝር፣ በስሌት ማውጣት ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር ሞለኪውሉ ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚታይ ነው።

በ1995 ተመራማሪዎች በፀሐይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ውስጥ የውሃ ምልክት ማግኘታቸውን ጻፉ። ውሃ፣ ያውም በፀሐይ ላይ! ነጠብጣቦቹ ከቀረው የፀሐይ ገጽ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ቢሆንም ሙቀታቸው ወደ 3000 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ሙቀት የውሃ ሞለኪውል በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ይሽከረከራል። ስፔክትረሙ በመስመር የታጨቀ ነበር። የትኛው መስመር የየትኞቹ የኃይል ደረጃዎች እንደሆነ በተለመደው ዘዴ መለየት አልተቻለም። በ1997 ቴኒሰንና ባልደረቦቻቸው የውሃን የኃይል ደረጃዎች ከኳንተም ሜካኒክስ ተነሥተው በኮምፒውተር አሰሉ። ከታዩት መስመሮች ጋር ሲያስተያዩት ብዙዎቹ ስም አገኙ። በ2006 ደግሞ ቡድናቸው ከ500 ሚሊዮን በላይ መስመሮች ያሉት የውሃ ዝርዝር አወጣ። ኤክሶሞል በተባለው ፕሮጀክታቸው እንዲህ ያለው ዳታ ለማንም በነፃ ይወርዳል። በሩቅ ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ፕላኔቶችን አየር የሚያጠኑ ሰዎች ይሠሩበታል።

ለክቶ የሚያረጋግጥ ሰው ሁሌም ያስፈልጋል። ያ ሰው ግን የግድ አንቺ መሆን የለብሽም። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለሽ በሩ ተከፍቶልሻል።

አሁን ወደ እንጀራው። አባትሽ ያሉት መሠረት አለው። አገር ቤት «የስፔክትሮስኮፒ ቲዎሪስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። ዋናው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው፤ ደሞዙን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ግን የዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ ምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። ትልልቅ ማትሪክስ መፍታት፣ ኮድ መጻፍ፣ የተዘበራረቀ ዳታ ማጥራት ነው። ይህን የሚችል ሰው ባንክም ይፈልገዋል፣ የሳተላይት መረጃ የሚተነትን ቢሮም ይፈልገዋል። እኔ ብሆን ፕሮግራሚንጉን አጥብቄ እይዛለሁ እንጂ ፊዚክሱን አልጥልም።

ለውጭ ትምህርት ከሆነ፣ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለውን የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል እዪ። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪ እየሸፈነ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ስፔክትሮስኮፒ በሚል ስም የተለየ ዘርፍ አትጠብቂ። ኮንደንስድ ማተሩ፣ ማለትም የጠጣርና የፈሳሽ ነገሮች ፊዚክስ፣ ግን የምትፈልጊውን ኳንተም ያጠነክርልሻል።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ሥሪልኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድን ውሰጂ፤ ሁለት አቶም ብቻ ነው። የመጀመሪያው የሽክርክሪት መስመሩ 115.2712 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። በሰማይ ቀዝቃዛ ጋዝ የሚፈልጉ አስትሮኖሚስቶች አንቴናቸውን የሚያዞሩት ወደዚህ መስመር ነው። ሞለኪውሉ ግትር ዘንግ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መስመር ልክ እጥፉ ላይ፣ 230.5424 ላይ በወደቀ ነበር። የተለካው ግን 230.5380 ነው። 4.4 ሜጋኸርዝ ጎደለ። ምክንያቱም ሞለኪውሉ ሲሽከረከር በትንሹ ይለጠጣል። የመለጠጡን መጠን ከዚህ ልዩነት አውጪና ሦስተኛው መስመር የት እንደሚወድቅ ተንብዪ። ወረቀትና ፓይተን ይበቃሻል።

የጎደለችው 4.4 ሜጋኸርዝ እንቅልፍ ከነሳችሽ፣ ማስተርሱን በዚሁ ቀጥዪ። ሥራው ሁሉ እንደዚያች ያለውን ልዩነት ማሳደድ ነው። ከሰለቸሽ ደግሞ የአባትሽን ምክር ስሚ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሦስተኛው መስመር የተለካ ዋጋ 345.7960 ጊጋኸርዝ ነው። ስሌትሽን ላኪልኝ። ቁጥሩ ካልመጣልሽም ላኪው፤ የቱ ጋ እንደተያዝሽ አብረን እናያለን።