ቴሌስኮፑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰማዩን ልመጂው

ሰላም እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን አየሁት። "ሥነ ፈለክ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይ? ሰው እውነት ማርስ ይደርሳል? ከምድር ውጪስ ሕይወት አለ?" ነው ያልሽው። ካነበቡት አንዳንዶቹ ስቀውብሽ አልፈዋል። አብሽሪ። እኔ ደሴ ሆኜ ሰማይ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ። የጠየቅሽው ሁሉ ከግቢሽ ቆመሽ በጣትሽ የምታሳዪው ነገር ነው።

ቴሌስኮፑን አሁን አትግዢ። በተለይ ካርቶኑ ላይ "600 እጥፍ ያጎላል" የሚል የተጻፈበትን ርካሽ ዕቃ አትመኚው። አንድ ቴሌስኮፕ በወጉ የሚያጎላው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ፣ በሁለት ተባዝቶ እስከሚመጣው ቁጥር ድረስ ነው። 60 ሚሊሜትር ከሆነ 120 ላይ አበቃ። ከዚያ በላይ የምታዪው ትልቅ ብዥታ ነው። እግሩም ቀጭን ስለሚሆን በነካሽው ቁጥር ኮከቡ ይጨፍራል። ብዙ ሰው በዚህ ተማሮ ነው የሚተወው። ገንዘብ ካለሽ 10 በ50 የሚባለውን ባይኖኩላር ፈልጊ፤ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ፣ በሁለት ዓይን የሚታይበት ማጉያ ማለት ነው። ከሌለሽም ዓይንሽ ይበቃል። ስልክሽ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን መተግበሪያ ጫኚና የትኛው የቱ እንደሆነ እሱ ያሳይሽ።

ቦታችን ደግሞ የተመረቀ ነው። ያለነው 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። ክንድሽን ዘርግተሽ ብትጨብጪ ቡጢሽ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ አንድ ቡጢ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ኮምቦልቻ ላይ ተራራው ሊጋርድብሽ ይችላል። እንደ ቦሩ ሜዳ ያለ ገላጣ ቦታ ከሄድሽ ይሻላል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙሪ። መስቀል የሠሩ አራት ኮከቦች ታያለሽ፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ናቸው። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ከቤቱ አያይም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናትሽ ላይ ይወጣል፤ መሃሉ ላይ የተደረደሩት ሦስት ኮከቦች አያሳስቱም።

ክረምቱን እርሺው፣ ደመና ነው። ደሴ በበጋም ቢሆን ጉሙ ድንገት ይዘጋብናል፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። በዚህ ትበልጡናላችሁ። የከተማውና የፋብሪካው መብራት ግን ከእኛ ይብስባችኋል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ወንበሬን ይዤ እወጣለሁ። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሺ፤ በመሃል ስልክ ካየሽ እንደገና መጀመርሽ ነው።

ባይኖኩላር ካገኘሽ መጀመሪያ ጁፒተር የሚባለውን ፕላኔት ፈልጊ። ደማቅ ነው፣ እንደ ኮከብ አይርገበገብም። ክንድሽን ግድግዳ ላይ ወይም አጥር ላይ አስደግፊ፤ በባዶ እጅ ከያዝሽው ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ክብ ነገር ታያለሽ። ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ነጠብጣቦች አሉ፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አራት። ጨረቃዎቹ ናቸው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚህኑ ነው። በደብተርሽ ሥያቸውና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰሽ እዪ፤ ቦታ ቀይረው ታገኛቸዋለሽ። እኔ ከዚህ የበለጠ ሰው የሚያስይዝ ነገር አላውቅም።

ከአራቱ አንዷ ዩሮፓ ናት። ሕይወት አለ ወይ ላልሽው ከሚጠረጠሩት ዋና ቦታዎች አንዷ እሷ ነች። ከላይ በረዶ ነው፤ ከበረዶው ሥር ግን ጨዋማ ውቅያኖስ እንዳለ ብዙ ማስረጃ አለ። ናሳ ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችውን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ልኳል፤ ጁፒተር የምትደርሰው በ2030 ነው። ውኃ ስላለ ብቻ ግን ሕይወት አለ ማለት አይደለም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ዳሎል አለ። ተመራማሪዎች አፋር ድረስ የሚመጡት ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘንም አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ እዚያው ዳሎል ላይ በጣም ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝተናል ብሎ ነበር። እዚሁ ደጃችን ላይ ያለውን እንዲህ ከተከራከሩበት፣ የማርሱን አስቢው። የእኔን ግምት ከጠየቅሽኝ ጥቃቅን ነገር የሆነ ቦታ ይኖራል ባይ ነኝ። በየቪዲዮው የምናየውን ዓይነ ትልቅ ፍጡር ግን አልቀበልም።

ምክንያቴ ርቀቱ ነው። ደቡብ መስቀል አጠገብ ወደ ምሥራቅ አልፋ ሴንታውሪ የሚባል ደማቅ ኮከብ አለ፤ ከፀሐይ ቀጥሎ በዓይን ከምናያቸው ኮከቦች ሁሉ የቅርብ ጎረቤታችን ነው። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው መንኮራኩር ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። በዚያ ፍጥነት እዚያ ድረስ ያለውን ርቀት ለመሸፈን ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

ጠፈር ራሱ ግን ቅርብ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በአስፋልቱ ከደሴ አዲስ አበባ ማለት ነው። ምሽት ላይ ወይም ሊነጋ ሲል ሳይርገበገብ በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን ሲያቋርጥ ታዪዋለሽ። ብልጭ ድርግም ካለ አውሮፕላን ነው። ሰልፍ ይዘው የሚሄዱ መብራቶች ካየሽ ደግሞ ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው፤ ሰው "ምንድን ነው ይሄ?" እያለ የሚለጥፈው አብዛኛው እሱ ነው።

ማርስ ሌላ ነገር ነው። ለመሄድ ብቻ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል። ፕላኔቶቹ ለጉዞ የሚመቹት በየ26 ወሩ ስለሆነ፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሦስት ዓመት ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውነት የሚጎዳው የጠፈር ጨረር አለ። ሰው ይደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ የሚባለውን ቀን ግን አታምኚ፣ ሁሌ ይገፋል። እስካሁን ሰው የረገጠው ጨረቃን ብቻ ነው፤ 12 ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972። የረመዳን ጨረቃ ስትፈለግ ሰው ሁሉ አንጋጦ የለ? ያኔ ጀምሪና በየማታው ተከታተያት። ግማሽ ስትሆን ብርሃንና ጥላዋ የሚገናኙበት ላይ ጉድጓዶቿ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በባይኖኩላር ፀሐይን በፍጹም እንዳታዪ፣ ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ሙሉው በሉክሶርና በመካ በኩል ያልፋል፣ ለእኛ በከፊል ነው። ደመናው ካልከለከለን ማለቴ ነው። የግርዶሽ መነጽር ቀደም ብለሽ ፈልጊ። የኤክስሬይ ፊልም አይሆንም፣ የፀሐይ መነጽርም አይሆንም።