ብርድ ልብስ ውስጥ የተጻፈ ኖታ

ልጆቼ፣

ፒያኖ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ተማሪዬ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት ሰጠኝ። ራሱ የደረሰው ዜማ ነበር። «መጀመሪያ መልመጃህን ጨርስ» አልኩት። ሁለተኛ ወረቀት አምጥቶልኝ አያውቅም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የአውስትራሊያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፒተር ስከልቶርፕን ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ስከልቶርፕ በ1929 እ.ኤ.አ. ታዝማኒያ ውስጥ፣ ላውንሰስተን ተወለደ። ልጅ ሳለ ሙዚቃ ጽፎ ለፒያኖ አስተማሪው ቢያሳያት ጣቶቹን ገረፈችው። ለእሷ የሙዚቃ ደራሲዎች ሁሉ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ማታ ማታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን መጻፉን ቀጠለ።

ሜልበርን ሙዚቃ ተምሮ ወደ ላውንሰስተን ተመለሰ። ከወንድሙ ጋርም የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ያዘ። አንዳንዶቻችሁ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራችሁ «በቃ፣ ሙዚቃው ቀረብኝ» ትሉኛላችሁ። እሱ በእነዚያ ዓመታት የጻፈው የፒያኖ ሶናቲና፣ ማለትም አጭር የፒያኖ ሥራ፣ በ1955 ጀርመን፣ ባደን ባደን፣ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ተሰማ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

በኋላ ኦክስፎርድ ገባ። አባቱ በጠና ሲታመሙ ግን ዶክትሬቱን ትቶ አገሩ ገባ። አባቱ ሲሞቱ «ኢርካንዳ 4» የተባለውን ሙዚቃ ጻፈላቸው። ብቻዋን የምታለቅስ ቫዮሊን፣ ከኋላዋ ባለ አውታር መሣሪያዎችና ከበሮ። ኢርካንዳ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ቃል ነው፤ ራቅ ያለ፣ ጭር ያለ ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮውን ወደ ጎረቤት አዞረ። ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት ከባሊ ጋሜላንን፣ ማለትም በቡድን የሚመታ የብረት ደወሎችና ከበሮዎች ሙዚቃን፣ ከጃፓን ዝግታን፣ ከነባር ሕዝቦች ዜማን ወሰደ። እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን በስተርጅና ያደረገውን ነው። የዲጀሪዱን፣ የነባር ሕዝቦችን ረጅም የእንጨት መለከት፣ ድምፅ በሌላ መሣሪያ ከማስመሰል ይልቅ፣ ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነውን የዲጀሪዱ ተጫዋች ዊልያም ባርተንን ራሱን ከኦርኬስትራው ፊት አቆመው። ከሌላ ሰው ባህል ስትወስዱ ባለቤቱም አብሯችሁ መድረክ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። በስከልቶርፕ ሥራዎች ውስጥ ቼሎ፣ የቫዮሊን ትልቅ ዘመድ፣ እንደ ባሕር ወፍ ይጮኻል። ጣት አውታሩን ሳይጫን ነካ አድርጎ ወደ ታች ይንሸራተታል። ባለፈው አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ስትሞክረው፣ ልጆቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።