ላሞቹ ገንዳውን ለምን ይሸሻሉ?

ከሱሉልታ አንዲት እህት ጽፈውልኛል። ስድስት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው። ላሞቹ ከብረት ገንዳው እንደ ድሮው አፋቸውን ነክረው አይጠጡም። በምላሳቸው ቀመስ ያደርጉና ደንግጠው ወደ ኋላ ይላሉ። ሲታለቡ ይራገጣሉ። ወተቱም ቀንሷል። ከአጥሩ ማዶ የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፋል። ጎረቤት "ከብቶችሽን የፈጀው እሱ ነው" ብሏቸዋል። "ልሽጣቸው ወይስ ቦታ ልቀይር?" ይላሉ።

እህቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። መጀመሪያ መልቲሜትር (ቮልቴጅ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ያስመጡ።

መስመሩን በአጭሩ ልንገርዎ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ሽቦ በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር መሬት ላይ በሜትር ብዙ ሺህ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ50 ኸርዝ በሜትር 5,000 ቮልት ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወተት ላሞችን በሜትር 10,000 ቮልት ውስጥ አቆይተው አይተዋል። በአመጋገብና ኮርማ በመፈለጊያ ዑደታቸው ላይ አነስተኛ ለውጥ አገኙ እንጂ ላሞቹ አልታመሙም። ደግሞም ኧርዝ የተደረገ፣ ማለትም ከመሬት ጋር በሽቦ የተያያዘ የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን መስክ አብዛኛውን ይከልለዋል።

ንብ ቢኖርዎት ግን ሌላ ነገር እልዎት ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ765 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር የተቀመጡ ቀፎዎች ተጎድተዋል። የቀፎው ውስጥ እርጥብ ስለሆነ ኮረንቲ ያልፍበታል፣ ንቦቹንም ይነዝራቸዋል። ቀፎውን ኧርዝ በተደረገ የሽቦ ወንፊት ሲሸፍኑት ችግሩ ቀረ።

የእርስዎ ላሞች ግን አፋቸው ብረት ሲነካ ነው የሚደነግጡት። ይሄ ከላይ ካለው መስመር ይልቅ ከታች የሚሾልክ ኮረንቲ ይመስላል። ላም ከአፏ እስከ ሰኮናዋ ኮረንቲን የምትገታበት አቅም (ሬዚስታንስ) 500 ኦም ገደማ ብቻ ነው። አፍንጫዋ እርጥብ፣ የቆመችበት ሽንትና እበት። በገንዳውና በወለሉ መካከል 1 ቮልት ካለ 2 ሚሊአምፔር በሰውነቷ ያልፋል። ብዙ ላሞች ከ2 እስከ 4 ሚሊአምፔር ላይ መደንገጥ ይጀምራሉ። እርስዎ ቦቲ ጫማ አድርገው ገንዳውን ቢነኩ ምንም አይሰማዎትም።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። አንድ ከብት እርባታ ተጠርቼ ሄድኩ። በቦቲዬ ቆሜ ገንዳውን በእጄ ነካሁ። የቴስተሯን መብራት አየሁ፣ አልበራችም። "ሰላም ነው፣ ሌላ በሽታ ይሆናል" ብዬ ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ባለቤቱ ዓይን በልቷቸዋል ብሎ ጠበል ሲረጭ ከረመ። በኋላ መልቲሜትር ይዤ ስመለስ 3 ቮልት! የፓምፑ ኬብል ጭቃ ውስጥ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀጥሏል። ቴስተር እንዲህ ላለ ትንሽ ቮልቴጅ አይበራም። ስለዚህ ቴስተር ብቻ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ "ችግር የለም" ቢልዎት አይመኑት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ላሟ በምትቆምበት ቦታ ጠፍጣፋ ብረት ያስቀምጡ። ሥሩን በጨው ውሃ ያርጥቡት፣ ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው በብረቱና በገንዳው መካከል ይለኩ። ከ10 ቮልት በላይ ካዩ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሰውም ከብትም አይጠጋ፣ ባለሙያ ይጥሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ከመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች ጋር አገናኝተው እንደገና ይለኩ። የላሟን ሰውነት ይተካልዎታል። ሬዚስተሩን በመጀመሪያው ልኬት አያስገቡ፣ 220 ካገኘው ይቃጠላል።

ሬዚስተሩ ሲገባ የመልቲሜትሩ ንባብ ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም የሽቦ አጥር ወይም ጣሪያ የሰበሰበው ደካማ ቮልቴጅ ነው። እዚህ ጋ ጎረቤትዎ ግማሽ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መፍትሔው አጥሩን ኧርዝ ማድረግ ነው። ንባቡ ካልወረደ ግን እውነተኛ ምንጭ አለ። ፓምፑን ያጥፉና ይዩ። ከጠፋ ጥፋቱ የፓምፑ ወይም የኬብሉ ነው። ካልጠፋ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ያኔ ከጠፋ ሌላው የግቢዎ መስመር ነው፣ አንድ በአንድ ይፈለጋል። ዋናው ጠፍቶም ከቀጠለ ከውጭ በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ወይም ከጎረቤት በመሬት በኩል እየመጣ ነው። ቆጣሪውን ራስዎ አይንኩ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።

ጥገናው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። አንዱ፣ ለኧርዝ ብሎ ገንዳው ሥር አንዲት ብረት ቸክሎ መሄድ ነው። የሚያፈሰው ኬብል እስካልተቀየረ ድረስ ጥገና አይባልም። ሌላው 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ ብሬከር አስገብቶ ጨረስኩ ማለት ነው። ሰው ስለሚያድን ያስገቡት፣ ላሟ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ትሰቃያለች። ወለሉን አርማታ ሲያሞሉ ውስጡ ፌሮ ያስዘርጉና ከገንዳው፣ ከቧንቧውና ከኧርዙ ጋር ያስተሳስሩት። ያኔ አፏም ሰኮናዋም አንድ ቮልቴጅ ላይ ይሆናሉ። ወፍ ሽቦ ላይ ቆማ የማትነዘረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከዚያው ውሃውን በፕላስቲክ ባልዲ ከገንዳው ራቅ አድርገው ያጠጧቸው። በባልዲ ጥርግ አድርገው ከጠጡ ጥርጣሬያችን ተጠናከረ ማለት ነው። በባልዲም ከሸሹ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፣ ጡታቸውም ይታይ። ከጥገናው በኋላ ጥቂት ቀን ገንዳውን ቢፈሩ አይደንግጡ፣ የነዘራቸውን አይረሱም። ፓምፑ እየሠራ፣ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ዋናው ጠፍቶ የለኩትን ሦስቱን ቁጥሮች ይጻፉልኝ።